ልቀቂ እስክልሽ

ያዢ ነው ያለኝ፣ ሌላ ምን ሊል ይችላል፣ ያዢ ካለ መያዝ ነው፣ እግሯ ከሐሳቧ ቀድሞ ፍሬኑ ላይ ወጥቷል፣ እስከ ጥጉ ረግጣዋለች፣ መኪናዋ ግን ያዢም ልቀቂም አልሰማችም፣ ጎማዎቹ ቆመዋል እሷ ትሄዳለች፣ ጎማ ቆሞ መኪና እንዴት ነው የሚሄደው፣ መሪው በእጇ ውስጥ ቅልል ብሏል፣ ወደ ግራ ብትጠመዝዘው፣ ወደ ቀኝ ብትጠመዝዘው ከታች የሚታዘዛት የለም፣ መንገድ የነበረው አሁን አጥር ነው፣ ከአጥሩ ቀጥሎ የተዘጋ ሱቅ፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ከሱቁ ቀጥሎ እንደገና መንገዱ፣ ግን የመጡበት መንገድ፣ ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ ወዳላሰበችው ትንሸራተታለች፣ የዝናብ መጥረጊያው ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ይላል፣ እሱ ምን ቸገረው፣ ሥራው ላይ ነው።

አባዬ፣ ያዝኩ እኮ።

ይሄ ሁሉ ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ነው፣ ግን በዚህ ዶፍ ውስጥ ጊዜም እንደ መኪናዋ መያዣ አጥቷል፣ ስለዚህ ሜዳው ይመጣል፣ ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ፣ እሷ ገና ተማሪ፣ አባቷ ገና ሙሉ ጥርስ፣ የጭነት መኪናውን አቁሞ ከባልደረባው በተዋሳት ትንሽ መኪና ውስጥ ከጎኗ ተቀምጦ፣ መንዳት ጉልበት አይደለም ልጄ፣ ጆሮ ነው፣ እኔ የምልሽን ብቻ ስሚ፣ ያዢ ስልሽ ፍሬን፣ ልቀቂ ስልሽ ማንሳት፣ ሌላ ቋንቋ የለም፣ ለምን የሚባለው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው፣ ደግሞ ልብ አድርጊ፣ ልቀቂ እስክልሽ አትልቀቂ። ያዢ! እግሯ ይወርዳል። ልቀቂ! እግሯ ይነሣል። ያዢ፣ ልቀቂ፣ ሜዳውን እየዞሩ፣ አቧራ ለብሰው፣ ቤት ሲደርሱ እናቷ በሩ ላይ ቆማ፣ ልጅቷን ሹፌር ልታደርጋት ነው ወይስ ወታደር፣ እሱ ከት ብሎ ስቆ፣ ሁለቱም አንድ ነው፣ መታዘዝ ነው።

ታዘዘች። ይኸው እየታዘዘች ነው። ያዢ አለ፣ ያዘች፣ ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ እናቷ ሞታ፣ ሜዳው ላይ ፎቅ ተሠርቶ፣ እግሯ አሁንም የዚያች የተዋሷት መኪና እግር ነው፣ ጆሮዋ ከሰማ ራሷን አይጠይቅም።

ጥርሴን የነቀልኩት መሪ ላይ ነው ይል ነበር፣ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ እውነትም ነቀለ፣ መጀመሪያ የታቹን፣ ከዚያ የላዩን፣ ባልደረቦቹ እንቁላሉ ነው የሚሉት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሳይል ሞተር አስነሥቶ ስለማያውቅ፣ ሌላው ሁሉ ቀድሞት ገብቶ፣ በልቶ ተኝቶ ሲነሣ እንቁላሉ ገና ይደርሳል፣ ሰው ሳይነካ፣ ዶሮ ሳይገጭ፣ መሪውን እንደተረከበው መልሶ አስረክቦ ቤቱ የገባ ሰው፣ ይሄን ሰው፣ ይሄን ሰው አሁን ማን ነው የሚነዳው።

እኔ። እኔ ነኝ።

ምሰሶው ከየት እንደመጣ አላየችም፣ መኪናዋ ስትዞር ከእሱ በኩል ቆሞ ይጠብቃል፣ የመብራት ምሰሶ፣ ወፍራም ሲሚንቶ፣ መንገዱ ዳር ሌላ ምሰሶ የለ፣ አንድ ምሰሶ፣ እሱም በእሱ በኩል፣ በኔ በኩል ቢሆን ምን ነበረበት፣ በኔ በኩል አድርገው፣ ማንን ነው የምትለምነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ በኔ በኩል፣ በኔ፣ ድምፁ እንዳሰበችው አይደለም፣ ጓ አይልም፣ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ ነው የሚመስለው፣ ድፍን፣ ከዚያ መስታወት ይረግፋል፣ ከዚያ ዝም።

ዝም አይደለም፣ ዝናቡ አለ። ዝናቡ የሆነውን ሁሉ አልሰማም፣ ጣሪያውን ይደበድባል፣ መጥረጊያው ግራ ቀኝ ይላል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ከፊት የሆነ ነገር እየፈሰሰ ይተናል፣ እሷ እጇን ታያለች፣ አለ፣ ደረቷን ትነካለች፣ አለ፣ አገጯ ላይ ትንሽ ይቆጠቁጣታል፣ ይሄው ነው፣ ምንም አልሆነችም፣ የሚያሳፍረው እሱ ነው፣ ቢያንስ አንድ ነገር አይሆንም እንዴ ሰው፣ አንድ ጣት እንኳ።

አባዬ።

ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ በተጨረመተው በር ላይ ተደግፏል፣ መኪና ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይመስላል፣ ኮፍያው ጭኑ ላይ ወድቋል፣ ከፀጉሩ ሥር የወጣ ቀይ መስመር ወደ ጆሮው ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ፣ እሱ ምን ጊዜም ቀስ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ይተነፍሳል ይተነፍሳል፣ ደረቱ ከፍ ይላል፣ ሲወርድ አንዳች ነገር ያፏጫል፣ በሩ ጎኑ ውስጥ ገብቷል፣ አይ፣ አትመልከቺ እዚያ፣ እጁን ተመልከቺ፣ ቀኝ እጁ አይታይም፣ ግራ እጁ ጭኑ ላይ ነው፣ ጨብጧል፣ መሐረብ ጨብጧል፣ መሐረቡ ውስጥ ጥርሱ።

ጡጫውን በመዳፏ ትሸፍነዋለች። ይሞቃል። አባዬ፣ ስማኝ፣ ሰው ይመጣል፣ አሁን ሰው ይመጣል።

ለጥርስ ነው የወጡት። ሰው ሲጠይቃት ምን ልትል ነው፣ ወዴት ስትሄዱ ነበር በዚህ ዝናብ፣ ጥርስ ልናስተካክል፣ በእሑድ፣ በእሑድ አዎ፣ ታሞ ነበር? አልታመመም፣ ዳቦ አርሶ በላ፣ ይሄው ነው፣ ታላቅ እህቷ ቤት ምሳ ተቀምጠው አባቷ ዳቦውን በሾርባ አርሶ ይበላል፣ የእህቷ ባል ደግሞ ቀልድ ካልቀለደ ምግብ አይወርድለትም፣ የጥርስ ሠሪ አባት ዳቦ አርሶ ይበላል ብሎ ሳቀ፣ ሰዉም ሳቀ፣ አባቷም ሳቀ፣ የታቹ ጥርስ አፉ ውስጥ ብድግ ብሎ ተመልሶ ቁጭ ሲል ሁሉም አየ፣ እሷም አየች፣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

እሷ ጥርስ ሠሪ ናት፣ ሐኪም አይደለችም፣ ሐኪሞች የሰዉን አፍ ልክ ይልኩላታል፣ እሷ በጄሶ ትሞላዋለች፣ በሰም ትቀርጸዋለች፣ ሮዝ ድድ ታለብሰዋለች፣ ትሞርደዋለች፣ የማታውቃቸው ሰዎች በእጇ ሥራ ይስቃሉ፣ ይነክሳሉ፣ ይማማላሉ፣ የአባቷን ግን ራሷ ናት የለካችው፣ ራሷ ናት የሠራችው፣ ከሥራዋ ሁሉ የከፋው እሱ ሆነ፣ ለወለደሽ ሰው ስትሠሪ እጅ ይፈራል መሰል፣ መጀመሪያ ያስገባችለት ቀን ንክሻ የሚለካበትን ሰማያዊ ወረቀት በጥርሶቹ መሐል አድርጋ፣ ንከስ አባዬ፣ ልቀቅ፣ ንከስ፣ ልቀቅ፣ እሱ ወረቀቱን ተፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ብድርሽን መለስሽ አይደል አንቺ፣ ያዢ ልቀቂ ስልሽ ቆጥረሽ አስቀምጠሽልኝ ነበር። ደግሞ፣ ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣ የኔው ግን የምሩን ባዳ ነው፣ ልጄ ራሷ አምጥታ ያስገባችብኝ ባዳ።

ብድግ በል አባዬ አለች፣ ሳህኑ ሳይነሣ፣ ተነሥ እንሂድ፣ የሥራ ቦታዬ ሄደን አሁኑኑ ሞርጄልህ እንመለሳለን። እህቷ መስኮቱን አየች፣ በዚህ ሰማይ? ሰማዩ ጠቁሮ እያየሽው? እሱም፣ ተይ ልጄ፣ ጥርስ እኮ ነው፣ ምጥ አይደለም፣ ነገም ይደርሳል። ነገ አትበል፣ ነገ ነገ ስትል ነው ዳቦ የምታርሰው፣ ሳይመሽ ይዤው እመጣለሁ አለቻት እህቷን፣ ይዤው እመጣለሁ። ኮቱን ራሷ አለበሰችው። እጁን በእጅጌው ውስጥ ፈልጎ እስኪያወጣ እንኳ አልጠበቀችም።

የእህቷ ባል ስለሳቀ ነው። ለአንድ ሰው ሳቅ። ሰውየው ባይስቅ ኖሮ አባዬ አሁን ሶፋው ላይ ተኝቶ ነበር፣ አፉ ተከፍቶ፣ ጥርሱ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ፣ እህቷ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋበት፣ እሱ ላይ አታላክኪ፣ ሰውየው ቀለደ እንጂ መሪ አልያዘም፣ ሰው ሲስቅብሽ ለምን አትስቂም፣ ጥርስ ስትሠሪ ውለሽ ጥርስ ማሳየት ለምን ያቅትሻል።

ስልኳ ይጮኻል። ወንበሩ ሥር ወድቆ ይጮኻል፣ ብርሃኑ ምንጣፉን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ እህቷ ናት፣ ሌላ ማን፣ ደረሳችሁ ወይ ልትል ነው፣ ዝናቡ በረታ ልትል ነው፣ ለማንሣት ጎንበስ ማለት አለባት፣ ጎንበስ ልትል ትሞክራለች፣ ወገቧ ይታጠፋል፣ ከጉልበቷ በታች ያለው ግን ዝንፍ አይልም፣ እግሬ ተሰብሯል ይሆን፣ አያምም እኮ፣ እግሬ ምን ሆኖ ነው፣ ተይው፣ ይጩኽ፣ ምን ልትላት ነው ብታነሣው፣ ይዤው እመጣለሁ ያልኩት ሰው፣ ይዤዋለሁ፣ እጁን ይዤዋለሁ።

ይቆማል። እንደገና ይጮኻል። ይቆማል።

ያዢ ነው ያለው? እስኪ በእርጋታ፣ ከመጀመሪያው። የአስፋልቱን ቁልቁለት ሲጀምሩ ዝናቡ ወረደ፣ እንደ ዝናብ አይደለም፣ ሰማይ ተቀዶ ነው፣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለበሰ፣ እሷ መሪው ላይ ተደፍታ አንገቷን አስግጋ ትነዳለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አልንቀጠቀጥም ብላ ጨምድዳ ይዛዋለች፣ እሷ ስትነዳ እሱ አይናገርም፣ ሁለት ሹፌር አንድ መኪና ይገለብጣል ይላል፣ የታቹን ጥርስ አውጥቶ በመሐረብ ጠቅልሎ ያዘ፣ ሲወጋው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ከዚያ ዞር አለ ወደ እሷ፣ ዞር ማለቱን በዐይኗ ጥግ አይታለች፣ የሆነ ነገር አለ፣ አጭር፣ አንድ ቃል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ጩኸት ጫፍ ጫፉን በላው፣ መሐሉ ላይ ዠ ነበረች፣ ዠን ሰማች፣ ያዢ።

ግን የታቹ ጥርስ ከሌለ ሁሉም ነገር ዠ ነው።

ይሄን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል፣ ሥራዋ ነው፣ ጥርስ አስገብታ ስትጨርስ እስኪ ስድሳ ስድስት በሉ ትላለች፣ ሰ በትክክል ከወጣ ዘም ይወጣል፣ ጥርሱ ተቀምጧል ማለት ነው፣ አባቷ ደግሞ ያለ ታችኛው ጥርስ ሽድሻ ሽድሽት ነው የሚለው፣ ሆን ብሎም ያበዛዋል፣ ልጆች ይሰበስባል በሱ፣ ሽድሻ ሽድሽት፣ ልጆቹ ይንከተከታሉ፣ አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላል፣ እሱንም በሸ ነው የሚለው፣ ይብሻል፣ ዘን ደግሞ በዠ፣ ስለዚህ ዘ ያለበት ቃል ሁሉ ከዚያ አፍ ዠ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ፣ ስለዚህ ምን፣ ዝም በይ።

መሐረቡን ቢሆንስ። ያዢ፣ እንቺ ያዢልኝ፣ ጥርሱን፣ ወይም አውጥቶት መስታወቱን ጥረጊበት ሊላት፣ እንቺ ያዢ፣ እንደሱ ከሆነ እጅ መዘርጋት ነበር፣ እጅ ለተባለ ቃል እግሯን ሰጠች። ወይስ ያዘኝ ነው፣ ያዠኝ፣ ደረቴን ያዘኝ፣ ባለፈው ሰሞን ደረጃ ሲወጣ ደረቴን ያዝ አደረገኝ ብሎ አልነበረም? ብሏል፣ ያዘኝ ከሆነ እንኳ፣ ያዘኝ ይሁን፣ እባክህ ያዘኝ ይሁን፣ በሽታው ቀድሞኝ ይሁን፣ ምን እያልሽ ነው አንቺ፣ አባትሽ ደረቱን ታሞ እንዲሆን ትለምኛለሽ፣ እጅሽ ንጹሕ እንዲሆን።

ሌላም ቃል አለ። ቅድም ጀምሮ አለ፣ በሩ ላይ ቆሟል፣ እሷ አታስገባውም፣ መሐረብ ነው ደረት ነው ትላለች፣ የሜዳው ያዢ ነው ትላለች፣ በሌላ በኩል ዞሮ ይመጣል፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ አንገቷን አስግጋ፣ እሱ ዞር ብሎ ሲያያት፣ ልጁን በፍርሃት ተኮማትራ ሲያያት፣ ሁለት ሹፌር አንድ መኪና ይገለብጣል የሚለው ሰው ምን ብሎ ነው አፉን የሚከፍተው።

የለም። የለም የለም የለም።

መስኮቷ ይንኳኳል። የላስቲክ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው፣ ውሃው ከአፍንጫው ይንጠባጠባል፣ ከበስተኋላው አንዲት የዳቦ ማከፋፈያ መኪና መብራቷን እያጠፋች እያበራች ቆማለች፣ እህቴ፣ እህቴ ደህና ነሽ? ይሰማሻል? በሯን ከፍቶ አንገቱን ያስገባል፣ ትኩስ ዳቦ ይሸታል፣ በዚህ ሰዓት እንዴት ዳቦ ይሸታል፣ ማናቸው፣ አባትሽ ናቸው? ራሷን ትነቀንቃለች። አባባ! አባባ ይሰሙኛል? አይዞዎት፣ አሁን እናወጣዎታለን።

አይዞዎት ይላል የዳቦ ሹፌሩ፣ እንዲያው እንደዋዛ፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ዘ ከአፉ ጥርት ብሎ ይወጣል።

አምቡላንስ ደውለናል፣ ድልድዩን ውሃ ሞልቶታል አሉ፣ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ይቆያል፣ አንቺ ግን አይዞሽ፣ ሰውየው ወደዚያ ወገን ይዞራል፣ ምሰሶውን በመዳፉ ይመታዋል፣ በሩና ምሰሶው መሐል እጅ አይገባም፣ ለሌላ ሰው ይጮኻል፣ በዚህ አይከፈትም፣ ተጨፍልቋል፣ ወደ ኋላ ካልተገፋች እሳቸውን አናወጣም፣ ደም እየፈሰሳቸው ነው፣ ና ቶሎ በል፣ አንተም ና፣ እህቴ ማርሹን አውጪ! ማርሹን ታወጣለች፣ በአንድ እጇ፣ ሌላው እጇ እንደያዘ ነው። በሉ፣ ከፊት በኩል ሁኑ፣ ያዝ፣ ያዝክ? አንድ፣ ሁለት፣ በለው!

ፊታቸውን በመስታወቱ ታያለች፣ ሦስት ወንዶች፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ጫማቸው ውሃ ላይ እየተንሸራተተ፣ መኪናዋ ነቅነቅ ትላለች እንጂ አትሄድም፣ እንደገና! በለው! አትሄድም፣ ምን ይዟት ነው ይላል አንዱ፣ ምን ያዛት፣ ድንጋይ አለ እንዴ ከኋላ? የለም። የእጅ ፍሬን? የእጅ ፍሬኑ ወርዷል። ታዲያ ምን ያዛት?

አባቷ ዐይኑን ይከፍታል።

ትንሽ ነው የሚከፍተው፣ እሷን ይፈልጋል፣ ሲያገኛት ይተዋል መፈለጉን፣ ከንፈሩ ይላወሳል፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ የሱ ትንፋሽ፣ ሾርባ፣ ደም፣ ምን አልክ አባዬ፣ ምን፣ ዝናቡ ዝም በል፣ አንድ ጊዜ ዝም በል፣ ያው ቃል ነው፣ ያው፣ አሁን ግን አፉ ጆሮዋ ላይ ነው፣ ጫፍ ጫፉን የሚበላው የለም፣ አሁን መንገድ የለም፣ ፍሬን የሚያዝበት ነገር የለም፣ መሐረቡንም አይሰጣትም፣ ጨብጦታል፣

አይዦሽ።

አለ። አይዦሽ አለ። ቅድምም እሱን ነው ያለው፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ እንደማንኛውም አባት፣ አይዞሽ፣ ቀስ እያልሽ ሂጂ ማለቱ ነው፣ አለሁ ማለቱ ነው፣ እና እሷ ለአይዞሽ ፍሬን ያዘች፣ አይዞሽ ብሎ አፉን ሳይገጥም ምሰሶ ላይ ጣለችው፣ ጥርሱ ቢመቸው ኖሮ አያወጣውም፣ ባያወጣው ዘ በትክክል ይወጣ ነበር፣ በትክክል ቢወጣ እግሯ አይሰማም ነበር፣ የሠራሁት ጥርስ፣ የሠራሁት ጥርስ አባዬ፣ ትንሽ ቦታ ነበር እኮ፣ ሞረድ አንዴ ቢነካው የሚስተካከል፣ የስንዴ ቅንጣት የማታህል ቦታ።

ኧረ እዩት! ይላል ከኋላ ያለው። ቀይ መብራቷ በርቷል እኮ! ፍሬን ይዛለች፣ ሴትዮዋ ፍሬን ይዛለች!

መስታወቷ ውስጥ ታየዋለች፣ ከኋላ ያለው ዝናብ ቀይ ነው፣ ቅድም ጀምሮ ቀይ ነበር፣ የማን መብራት ነው ብላ ነበር፣ የኔ ነው፣ ወደ ታች ታያለች፣ እግሯ አልተሰበረም፣ እግሯ እዚያው ነው፣ እስከ ጥጉ፣ እኔ ነኝ፣ ሦስት ወንድ ሲታገል እኔ ነኝ የያዝኳት፣ የእሱ ደም እየፈሰሰ እኔ ይዣለሁ፣ ተነሣ፣ ተነሣ አንተ እግር፣ አይነሣም፣ የሌላ ሰው ጉልበት ይመስል ትቆነጥጠዋለች፣ አይነሣም፣ ልቀቂ እስክልሽ አትልቀቂ ተብሏል፣ አላለም እኮ፣ ያዢም አላለም ልቀቂም አላለም፣ አባዬ ልቀቂ በለኝ፣ አንድ ጊዜ፣ በሹክሹክታም ቢሆን በለኝ፣ ዐይኑ ግማሽ ክፍት ነው፣ የሚያያት አይመስልም።

እህቴ! የዳቦ ሹፌሩ በተከፈተው በሯ በኩል አፉን ሞልቶ ይጮኻል፣ የመኪና ሰው ጩኸት ነው፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ለምን የማይባልበት፣ ልቀቂ!

እግሯ ይነሣል።

በለው! መኪናዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ እንዲህ ቀላል ነበረች፣ ብረቱ ከሲሚንቶው ላይ እየተላቀቀ ይጮኻል፣ በሩን በብረት ፈልቅቀው ይገነጥሉታል፣ ዝናቡ ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ፊቱ ላይ፣ ዐይኑ ውስጥ፣ ክፍት ዐይኑ ውስጥ ይወርዳል፣ ጨፍን አባዬ፣ ውሃ እኮ ነው፣ ዐይንህ ውስጥ እየገባ፣ ጨፍን እንጂ።

የዳቦ ሹፌሩ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ ያሳርፋል። ይጠብቃል። ጣቱን አዛውሮ እንደገና ይጠብቃል፣ ከዚያ ባልደረቦቹን ያያል፣ እነሱም መሬት ያያሉ፣ አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ዝናቡን በባዶ ራሱ ይቀበላል፣ ስልኩ ወንበሩ ሥር እንደገና ይጮኻል፣ የፊተኛውን መስታወት የሚጠርገው ግራ ቀኝ ይላል፣ ቅድም ቢሆንስ፣ መጀመሪያ ሲገፉ ፍሬኑን ብትለቅስ፣ ቅድም ይተነፍስ ነበር፣ ቅድም እንኳ አይዞሽ ብሏል፣ ማን ይነግራታል፣ ማንም አይነግራትም፣ ሰው ሁሉ ደግ ነው፣ ቀኑ ነው ይሏታል፣ የእሱ ቀን ነው ይሏታል፣ እሷም እሺ ትላለች፣ እህቷ በሩ ላይ ቆማ አባዬስ ስትላት ምን ትላለች።

እህቴ፣ ይላል የዳቦ ሹፌሩ፣ ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏል፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጓል፣ እህቴ እናንሣቸው፣ ዝናብ ላይ አይቆዩ፣ እጃቸውን ልቀቂ።

ጡጫው በመዳፏ ውስጥ ነው፣ ጠንካራ የሆነው ጥርሱ ነው፣ በመሐረቡ በኩል ይሰማታል፣ ሠርታው የለ፣ እያንዳንዱን በጣቷ ታውቀዋለች፣ ያቺ የምትወጋዋን ቦታ በአውራ ጣቷ ፈልጋ ታገኛታለች፣ እዚህ ጋ ናት፣ አገኘኋት አባዬ።

ልቀቂያቸው እንጂ እህቴ፣ አይዞሽ፣ ልቀቂያቸው።

ቅድም እግሯን አታለላት፣ ድምፁን የሱ አስመስሎ፣ እጇን ግን አያታልላትም፣ ጥርሱ ሙሉ ነው ይሄ ሰውዬ፣ ልቀቂ የሚላት ሰው ሌላ ነው፣ እሱ እንደሆነ ቀስ ነው፣ ቸኩሎ አያውቅም፣ ይለኛል፣ ልቀቂ እስክልሽ አትልቀቂ ብሎ የለ፣ እሺ አባዬ፣ እሺ፣ ይዣለሁ።